ውሃ የጠጣው ረድፍ

ልጄ የዛፍ ትንፋሽ የምለካበት ሥራ አገኘሁ ብላ በስልክ ስትነግረኝ፣ መጀመሪያ የጠየቅኳት «መሰላል አለው?» ብዬ ነው።

«አለው እማ፤ ግን አጭር ነው።»

አጭር መሰላል የሚባል ነገር የለም። አምፖል ልቀይር ብሎ ወጥቶ ወገቡ የተሰበረ ሰው አውቃለሁ። ይህንኑ ልነግራት አፌን ስከፍት ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደው። ያን ጊዜ በሕይወት ነበር።

«ፕሮፌሰር፣ የስጋት ሚኒስትሯን ተያት። ስለ ዛፎቹ ንገሪኝ» አላት።

እኔን የሚጠራኝ እንዲህ ነበር። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት የቀረሁ ሴት ነኝ፤ ሚኒስትር ያደረገኝ እሱ ብቻ ነው። ስጋቴን ግን አልክድም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብለው ነው ያሳደጉኝ፤ እኔም ስጠረጥር ኖርኩ። ልጄ ስትወለድ አትተነፍስም ብዬ ሌሊቱን ሙሉ አፍንጫዋ ሥር ጣቴን ይዤ አደርኩ። ትምህርት ቤት ስትሄድ መኪና፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሰው፣ ሥራ ስትይዝ ደግሞ መሰላል ፈራሁላት።

ባለቤቴ በተቃራኒው የማይፈራ ሰው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ከቤታችን ጀርባ ባለው የችግኝ ጣቢያ ነው፤ ባልደረቦቹ «አባ ችግኝ» ይሉታል። ከጣቢያው በላይ ያለውን ኮረብታ ዛፍ ያለበሱት እሱና እነሱ ናቸው። ጡረታ ሲወጣ የቀረለት አንድ የታመመ ሳንባና ያ ኮረብታ ነበር። ሐኪሙ፣ አየሩ የከበደ ቀን፣ በተለይ ከሰዓት በኋላ፣ ከቤት እንዳይወጣ ነግሮታል። እሱ ደግሞ «ሐኪሙ ወጣት ነው» ብሎ አለፈው።

ልጄ ለጥናቷ ቦታ ስትፈልግ የመረጠችው ይህንኑ የአባቷን ኮረብታ ነው። ከታች በወንዙ ዳር ያሉት ረድፎች ዓመቱን ሙሉ እግራቸው እርጥብ ነው። ከላይ ያሉት ግን በጋ ሲገባ አፈራቸው እንደ ሸክላ ይደርቃል። ለእሷ ሁለቱም ያስፈልጓታል። መሣሪያዎቿን ጭና የመጣች ዕለት ማታ፣ እራት ላይ፣ ነገሩን አስረዳችን።

«ሞቃትና ፀሐያማ ቀን ሲሆን የመኪናው ጭስ አየር ላይ ይበስላል። ኦዞን ይሆናል። እላይ ሰማይ ላይ ያለው ይጠብቀናል፤ እዚህ ታች ያለው ግን መርዝ ነው። ለአባ ሳንባም፣ ለዛፍም።»

«ዛፍ ሳንባ አለው?» አልኳት።

«ቅጠሉ ላይ በዓይን የማይታዩ ትንንሽ አፎች አሉት። አፉን ሲከፍት ምግቡን የሚሠራበት አየር ይገባል። ኦዞኑም አብሮ ሾልኮ ይገባል።»

«ታዲያ አይዘጋውም?»

ባለቤቴ ሳቀ። «እናትሽ ዛፍ ብትሆን ኖሮ አንድ ቀን አፏን አትከፍትም ነበር። በዚህ ቤት ግን ተዘግቶ አያውቅም።»

«ይዘጋዋል እኮ እማ» አለች ልጄ። «አፈሩ ሲደርቅ፣ ያለው ውሃ እንዳያልቅበት አፉን ይዘጋል። ያን ጊዜ ኦዞኑም ደጅ ይቀራል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ስሌቱ የሚሠራው ዛፉ ሁልጊዜ ውሃ እንደጠገበ ተደርጎ ነው። ያልገባው መርዝ ሁሉ እንደገባ ይቆጠራል። የእኔ ሞዴል የአፈሩን እርጥበት በየዕለቱ እያየ አፉ ምን ያህል እንደተከፈተ፣ መርዙም ምን ያህል እንደገባ የሚያሰላ ነው።»

ባለቤቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። «የተጠማው ዛፍ ከጠገበው ይሻላል እያልሽኝ ነው?»

«በኦዞን በኩል፣ አዎ። ግን ይራባል። አፉን ከዘጋ ምግብም አይሠራም።»

«ወይ ረሃብ፣ ወይ መርዝ» አለ። «ይሄ ምርጫ አይደለም።» ከዚያ ወደ ሾርባው ተመለሰ።

በማግስቱ ሁለቱም ወጥተው መለኪያዎቹን ቀበሩ። አፈሩ ውስጥ የሚገቡ ሹል ብረቶች አሉ፤ ከእነሱ ሽቦ ይወጣል፤ ሽቦው ግንድ ላይ ከታሰረ ሳጥን ጋር ይገናኛል። ከቅጠሎቹም ጥቂቶቹ ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ያለ ነገር አደረገችባቸው። እሷ የምትኖረው ሌላ ከተማ ስለሆነ ጠባቂ ያስፈልጋት ነበር፤ አባቷን ሾመችው። ሽቦ አይጥ እንዳይቆርጥ፣ ሳጥን ሰው እንዳይነካ። ሰውየው ከጡረታ የተመለሰ መሰለው። በየጠዋቱ እየወጣ «የፕሮፌሰሯ እንግዶች ደህና አድረዋል» ብሎ ይነግረኛል። እኔ ሽቦው እንዳይነዝረው ብቻ ነበር የምፈራው።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቶሎ አቆመ። ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን መሆኑ ቀርቶ የደፈረሰ ቢጫ ሆነ። ልጄ ከቢሮዋ እየደወለች «እማ፣ ዛሬ አየሩ መጥፎ ነው፤ አባ እንዳይወጣ» ትለኛለች። እኔም መስኮቱን እዘጋለሁ፣ በበሩ ሥር ጨርቅ እወትፋለሁ። ከምሳ በኋላ ባለቤቴ ይነሳና ጫማውን ያጠልቃል።

«የት ነው?»

«ሹፌሩ ቤት። ዳማ ልንጫወት ነው።»

ሹፌሩ ከእኛ ዝቅ ብሎ የሚኖር ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፣ መጋረጃው ወፍራም ነው፤ ስለዚህ ተውኩት። ማታ ሲመለስ ደረቱ እንደ መጋዝ ይፋጫል።

«ምነው?»

«ተሸነፍኩ። ፈጀኝ ሰውየው።»

«ዳማ እንዲህ ሰው ያደክማል?»

«ዳማ አያደክምም። መሸነፍ ነው የሚያደክመው።»

አንዳንዴ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ ይመጣል። የሹፌሩ ቧንቧ ፈንድቶ ነው አለኝ። አመንኩት። እንዲያውም ግድግዳው ውሃ ጠጥቶ ይናድበታል ብዬ ለሹፌሩ ተጨነቅኩ። መጠርጠር ሥራዬ ሆኖ ሳለ፣ የጠረጠርኩት የሰው ግድግዳ ነው።

በጋው ሊያልቅ ሲል ልጄ መጣች። ኮረብታው ላይ ስትዞር ውላ ሁለት ከረጢት ቅጠል ይዛ ገባች። ከስታለች። ኮምፒዩተሯን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፍታ ፊቷን በእጆቿ ይዛ ተቀመጠች።

«ይሄ መለኪያ አብዷል» አለች። «ቀየርኩት፤ አሁንም ያው ነው። ከላይኞቹ ረድፎች መሃል ሦስተኛው ብቻ አፈሩ እርጥብ ነው ይለኛል። ግራና ቀኙ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ዝናብ ለአንድ ረድፍ ለይቶ አይዘንብ ነገር።»

ባለቤቴ ከወንበሩ ሆኖ ፈገግ አለ። ስጦታ ደብቆ የቆየ ሰው የሚስቀው ዓይነት ነው።

«መለኪያሽን አትስደቢ፤ ጤነኛ ነው። እኔ ነኝ ያጠጣኋቸው።»

ልጄ ቀና አለች።

«ቅጠላቸው ሲልፈሰፈስ አየሁ» አለ። «ሽቦ ያሰርሽባቸው እነሱ ናቸው፤ እነሱ ቢሞቱ ሥራሽም ይሞታል ብዬ ከጣቢያው የውሃ ገንዳ ጎማ ሳብኩ። ጎማው የሚደርሰው ለዚያ ረድፍ ብቻ ነው፤ ባይሆን ሌሎቹንም አልተውም ነበር። ኋላ ደግሞ ቅጠሉ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ሲያወጣ ጥማቱ ጠንቶባቸው ነው ብዬ ውሃውን ጨመርኩላቸው።»

የልጄ እጅ ቀስ ብሎ ሄዶ አንደኛውን ከረጢት ሸፈነው። እናት ነኝ፤ የልጄን እጅ አውቃለሁ።

«አበላሸሁብሽ እንዴ?» አለ ባለቤቴ። ፈገግታው ገና ከፊቱ አልወረደም።

«ኧረ አባ። ምንም አይደል። ግን ከዛሬ በኋላ አታጠጣቸው፤ ለልኬቱ ነው።»

«አልነካቸውም። ከፈለግሽ ጎማውን ደብቂው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ጆሮውን አከከ። «የዳማው ነገር ያው እንግዲህ...»

«በዚያ አየር? በዚያ ፀሐይ?» አልኩት።

«ሚኒስትሯ ፈቃድ አትሰጠኝም ብዬ ነው።»

እሱ ተኝቶ እኛ ሳህን ስናጥብ ልጄ እጇን አድርቃ ሁለቱን ከረጢት አመጣች። ከአንዱ ያወጣችው ቅጠል ትንሽ ነው፣ ጫፉ ተጠቅልሏል፣ ግን ንጹህ ነው። ከሌላኛው ያወጣችው ሰፊና ወፍራም ነው፤ በላዩ ግን የበርበሬ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ከደም ሥር እስከ ደም ሥር ጠቋቁሯል።

«ይሄ የደረቀው ረድፍ ነው። ይሄ የአባ ነው» አለችኝ። «ውሃው አፋቸውን ከፈተው እማ። አየሩ በጣም በከፋባቸው ቀናት። ጎረቤቶቻቸው አፋቸውን ዘግተው አሳለፉት፤ እነዚህ ግን ሙሉውን ሳቡት። ነጠብጣቡ የጥማት አይደለም፤ የኦዞን ቃጠሎ ነው። እሱ ደግሞ ነጠብጣቡን እያየ...» አልጨረሰችውም። ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች።

«እንዳትነግሪው» አልኳት።

«አልነገርኩትም እኮ።»

«እስከመጨረሻው ማለቴ ነው።»

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ባለቤቴ አንድ ማለዳ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀረ። መተንፈስ አቃተው፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆነ። ሹፌሩ በልጁ መኪና ሆስፒታል አደረሰን፤ መንገዱን ሙሉ «አይዞህ፣ ገና ብድርህን አልመለስክም» ይለው ነበር፤ ዳማውን ማለቱ ነው። በክፍሉ ሌሎች ሕመምተኞችም ነበሩ። የእሱን አልጋ መስኮቱ ሥር አደረጉለት፤ በአፍንጫው የኦክስጅን ቱቦ ገባለት፤ ራስጌው ላይ ያለው ጠርሙስ ውስጥ ውሃው ሲንቦቀቦቅ ይውላል። ሐኪሙ ሳንባው መቁሰሉን ነገረኝና «ሰሞኑን ፀሐይ ላይ ከባድ ሥራ ሠርቷል?» ሲል ጠየቀኝ። ዳማ ሲጫወት ነበር ልለው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ «እስኪ እናያለን» አለ። እኔ «እናያለን» ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔ ስፈራ የኖርኩት ግን ለልጄ መሰላል ነበር።

ልጄ ሥራዋን ትታ መጣች። ሥራዋ ግን አልተዋትም፤ አለቃዋ ይደውላል። አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ ስልኩን ዘግታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ምን አለሽ?»

«ጥናቱን የማቀርብበት ጊዜ ደርሷል። የአባን ረድፍ ወይ ሙሉ በሙሉ አውጪው፣ ወይ መቼ መቼና ምን ያህል ውሃ እንደጠጣ በትክክል ጻፊ አለኝ። በግምት አይሆንም።»

«ብታወጪውስ?»

«ግማሽ ሥራ ይሆናል። ሌላ በጋ ደግሞ አይሰጡኝም፤ ሥራው በዚህ ዓመት ያልቃል።» መሬት መሬት እያየች ቀጠለች። «ቢገባ ግን እማ፣ አንድ አየር፣ አንድ ኮረብታ፣ አንዱ ረድፍ ጠግቦ ጎረቤቱ ተጠምቶ። እንዲህ አድርጌ ልሥራው ብል እንኳ አይሳካልኝም ነበር። ውሃውን የሚያውቀው ደግሞ እሱ ብቻ ነው።»

«አትጠይቂውም።»

«አውቃለሁ። ለምን ፈለግሽው ይለኛል።»

«ይልሻል። አንቺም ትነግሪዋለሽ። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ዛፍ ነው፤ ሌላ ምን አለው? ይዞት የሚሄደውን እንኳ ተይለት።»

ይሄዳል የሚለው ቃል ከአፌ የወጣው ያን ጊዜ ነው። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ።

«አባ ይድናል።»

«እሺ።»

«እሺ አትበይኝ። አንቺ እሺ ስትይ ያስፈራል።» ከዚያ «ዋሽቼው ቢሄድብኝስ? እኔ ምን ይዤ ልቀር?» አለች። እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ «በቃ፣ አወጣዋለሁ» አለችኝ። ረድፉን ማለቷ ነው። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ክፉ ነገር ቀድሜ የያዝኩ መሰለኝ።

ተያይዘን ገባን። ባለቤቴ ነቅቷል፤ ነርሷ ትራሱን እያስተካከለችለት ነው። ልጁን ሲያይ መጀመሪያ የጠየቃት ያንኑ ነው።

«እንግዶችሽ እንዴት ናቸው?»

ልጄ ዓይኗን ጠርሙሱ ላይ አሳረፈች። እኔ ቸኮልኩ።

«ደህና ናቸው» አልኩት። «በጣም ደህና። ለምልመዋል። ምንም አልሆኑም።»

ባለቤቴ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት፤ ነርሷ ደረቱን ደግፋ ቀና አደረገችው።

«ሰማሽ ሲስተር?» አላት ትንፋሹ ሲመለስ። «ይህች ሴት ደህና ነው አለች። ሠርጋችን ዕለት እንኳ ጣሪያው ይወድቃል ስትል ነው የዋለችው። ከእሷ አፍ ደህና የሚል ቃል ወጥቶ አያውቅም።» ነርሷ ፈገግ ብላ ወጣች። እሱ ግን ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም። «ወይ እኔ አልቆልኛል፣ ወይ ዛፎቹ። የቱ ነው?»

ልጄ ዞራ አየችኝ።

«ሁለታችንም ነን መሰለኝ» አለ።

ልጄ ወንበሩን ሳብ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠችና ነገረችው። አላሳመረችውም፣ አላጋነነችውም። እኔ እግርጌው ቆሜ አንዷን ፎጣ አጥፌ ስዘረጋት፣ ዘርግቼ ሳጥፋት ነበር። ሲሰማ ፊቱ አልተለወጠም፤ እጁ ብቻ ብርድ ልብሱን ጨምድዶ ያዘ።

«እራት ላይ ነግረሽኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ጆሮዬ ሰምቷል። እጄ ነው ያልሰማው። እጄ የሚያውቀው የጠወለገውን ማጠጣት ነው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ነጠብጣቡን አይቼ የጨመርኩላቸው... የባሰው እሱ ነው፣ አይደል?»

«አዎ አባ።»

ልጄን በዚያች ደቂቃ በጥፊ ልመታት ፈልጌ ነበር። አቅፌያትም ላለቅስ ፈልጌ ነበር። ሁለቱንም አላደረግኩም።

«ታዲያ አሁን ለሥራሽ ምን ያስፈልግሻል?»

«ምንም።»

«ከእናትሽ የተማርሽው ውሸት ገና አልበሰለልሽም። ንገሪኝ።»

«መቼ መቼ እንዳጠጣሃቸው። ምን ያህል እንደሆነም።»

ባለቤቴ ዓይኑን ጨፈነ። አንቀላፋ ብለን ነበር። «ዳማ ተሸነፍኩ ያልኩባቸው ቀናት ናቸው» አለ። «አሸነፍኩ ያልኩ ዕለት ግን እውነትም ሹፌሩ ቤት ነበርኩ።»

«ብዙ ጊዜ ተሸንፈሃል» አልኩት።

«ለዚህ ነዋ ሰውየው ሠፈሩን ሁሉ እኔን እንደሚያሸንፍ ሲነግር የማይከፋኝ፤ ሳያውቅ ምስክር ሆነልኝ።»

ልጄ ኮምፒዩተሯን ጭኗ ላይ ከፈተች። ቀኖቹን የማውቃቸው እኔ ነበርኩ። ፈሪ ሰው አይረሳም፤ እያንዳንዱን ቀን ከአንድ ስጋት ጋር አስሬ ነው የማስቀምጠው። መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ይበላሻል ያልኩበት ዕለት ተሸንፎ ነበር። የጎረቤት ልጅ ትኩሳት ይዟት እኛም ይዞን ይሆናል ያልኩበት ማግስት ተሸንፎ ነበር። ሱሪው ርሶ የመጣ ዕለት፣ ሁለቴ ተነስቶ ውሃ የጠጣ ሌሊት፣ ሁሉንም ጠራሁላት። እሱ ደግሞ ልኩን ይጨምራል። «ያን ቀን ገንዳው ሙሉ ነበር፤ ውሃው ታችኛው የልክ ቀለበት ላይ እስኪወርድ አፈሰስኩት።» «ያን ቀን ጎማው ተጣሞ ግማሹ ብቻ ነው የሄደው።» «ያን ቀን ትንፋሼ አልበቃኝም፤ ከረድፉ እኩሌታ ተመለስኩ።» አንዳንዱ ላይ እንከራከራለን። ማቀዝቀዣው የተበላሸው ያን ዕለት አልነበረም ይለኛል፤ ሊበላሽ ነበር እለዋለሁ፤ ይስቃል። ለመናገር ይከብዳል እንጂ ያን ከሰዓት ሦስታችንም ስቀናል።

ከዚያ የልጄ ጣቶች እየቀዘዙ ሲሄዱ አየሁ። እኔም ዘግይቶ ገባኝ። እየቆጠርን የነበረው የዛፎቹን ቀናት ብቻ አልነበረም። እሷ ደውላ እንዳይወጣ ያለችባቸው፣ እኔ በር ሥር ጨርቅ የወተፍኩባቸው ቀናት ናቸው፤ ጎማውን እየጎተተ ያንኑ አየር አፉን ከፍቶ የሳበባቸው። እሱ ያን ቀድሞ አውቆት ይሁን አይሁን አላውቅም። የነገራት ነገር ትክክል እንዲሆን ብቻ ነበር የሚጨነቀው። አሁን ልጄ በጻፈችው ውስጥ አንዱ ረድፍ በበጋው ውሃ እንደተሰጠው የሚናገር ክፍል አለ። ማን እንደሰጠው አይናገርም።

ቀናቱን በቆጠርን ማግስት ልጄ ሥራዋን ልትጨርስ ወደ ከተማዋ ስትመለስ ባለቤቴ እጄን ያዘኝ።

«ሂጂና እያቸው።»

«ማንን?»

«ሦስተኛውን ረድፍ። ልጅቷ እንዳላዝን ብላ ታሳንስልኛለች። አንቺ አታሳንሺም። ክፉውን እንዳለ ይዘሽልኝ ነይ።»

ወጣሁ። ኮረብታውን ብቻዬን ስወጣው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ለክፉም ለደጉም ብዬ የወጥ ቤት ቢላ በቦርሳዬ ይዣለሁ። ከላይ ያሉት የተጠሙት ረድፎች ቅጠላቸው እንደ ሽማግሌ ጣት ተጠማዟል፤ ግን አልረገፈም። የእሱ ረድፍ ሥር መሬቱ አይታይም። ያለጊዜው የወረደ ቅጠል ተነጥፎበታል፤ አንዱን አንስቼ አገላበጥኩት፣ ሌላውንም፤ ሁሉም ጠቋቁሯል። ቅርንጫፎቹ ላይ የቀረውም ቢጫ ነው። ጎማው አሁንም ሣሩ ውስጥ ተጋድሟል። ዕድሜዬን ሙሉ ክፉ ነገር ስጠብቅ ኖሬያለሁ፤ እዚያ ቆሜ ግን ልጨምርበት የምችለው ነገር አጣሁ።

ልመለስ ስል አንዱን ቅርንጫፍ ለድጋፍ ያዝኩ። ጫፉ ላይ ጣቴን የሚወጋ ነገር አለ። ጠጋ ብዬ አየሁት። እንቡጥ ነው፤ ትንሽ፣ ጠንካራ፣ ድፍን ያለ። ሌላውም ቅርንጫፍ ላይ አለ። ዛፍ አላውቅም፤ ምን ማለት እንደሆነ በእርግጠኝነት ልናገር አልችልም። በቢላዬ አንዱን ጫፍ ቆርጬ በመሐረብ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ስደርስ ባለቤቴ ቀና ብሎ ይጠብቀኛል። እንዳዘዘኝ ክፉውን ቀድሜ ነገርኩት። ስንት እጁ እንደረገፈ፣ የቀረው ምን እንደሚመስል፣ የተጠሙት ረድፎች እንዴት እንደሆኑ፤ ምንም አላስቀረሁም። በእያንዳንዱ ላይ ራሱን ይነቀንቃል።

«ግን እንቡጥ አለው» አልኩት።

ጠርሙሱ ይንቦቀቦቃል።

«እሱን ለእኔ ብለሽ ነው» አለኝ።

መሐረቡን ፈትቼ እንጨቱን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ሰውየውን አውቀዋለሁ። ማንኛውም ጭራሮ እጁ ከገባ በአውራ ጣቱ ጥፍር ልጡን ፋቅ አድርጎ ያያል፤ ከሥሩ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ፣ ቡናማ ከሆነ ሞቷል። የሰው አጥር እየፋቀ ስንቴ ከጎረቤት አስማማሁት። አሁንም ጥፍሩን ጠበቅኩ። አውራ ጣቱ በእንቡጡ ላይ አንዴ አለፈ፤ አልተጫነውም።

«ፋቀው እንጂ» አልኩት። «እየው። አረንጓዴ ነው።»

«ተይው፤ እንዳልጎዳው።»

«ቆርጬው አምጥቼው የለም እንዴ? ከዚህ ወዲያ ምን ይጎዳዋል?»

«ቢሆንም» አለና እንጨቱን ቀስ አድርጎ መልሶ እጄ ላይ አኖረው።